ተኝተን የተለቀሰልን ቀን

ይህ ነገር ከደረሰ ዓመት አልፎታል። ሰው ሲያነሣብኝ አሁንም ግማሹ ያስቀኛል፣ ግማሹ ያናድደኛል። ከብቸና ወደ ሞጣ በሚወስደው መንገድ ዳር ባለው በእኛ ሰፈር ታሪኩን የማያወራ የለም፤ የሚያወራው ግን አብዛኛውን ጊዜ እኛን ለማሳጣት ነው። ስለዚህ ከተለቀሰላቸው አንዷ እኔ ነኝና እኔው ልጻፈው ብዬ ተነሣሁ።

ጦርነቱ ወደ አካባቢያችን ሲመጣ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ነበርኩ። ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። ታላቅ ወንድሜ ቀድሞ አዲስ አበባ ለቀን ሥራ ሄዶ ነበር፤ መንገድ ተዘጋበትና እዚያው ቀረ። ታናሹ ደሳለኝ ደግሞ አንድ ቀን ጠዋት ወጥቶ አልተመለሰም። የት እንዳለ የሚነግረን ሰው የለም፤ እኛም ጮክ ብለን አንጠይቅም።

አባቴ ጉልበቱን ከታመመ ቆይቷል። ሰኔ ሲገባ መሬቱን ማን ይረስ የሚለው ጥያቄ ቤታችን ውስጥ እንደ እንግዳ ቁጭ አለ። አባቴ አንድ ቀን ሞፈሩን ተሸክሞ ወጥቶ ከግማሽ ትልም በላይ ሳይሄድ መሬት ላይ ሲቀመጥ አየሁት። እርፉን ከእጁ ተቀበልኩት። አልተከራከረኝም። ፊቱን ወደ ማዶ አዞረ።

የሰፈሬ ልጆች እናንዬና ሰብለም በየቤታቸው ያው ነገር ደርሶባቸው ነበር። የእናንዬ ወንድም በዚያው ዓመት ሞቷል፤ ሬሳው እንኳን አልመጣላቸውም። ሰብለ ባሕር ዳር አክስቷ ዘንድ ሆና ስትማር ቆይታ ነው የመጣችው፤ በሬ መጥመድ ቀርቶ በሬ ውኃ ማጠጣት ረስታ ነበር። ሦስታችን ወንፈል ገባን። ዛሬ የእኔን ቤት መሬት ሦስታችን በሦስት ጥማድ እናርሳለን፤ ነገ የእናንዬን፣ ከነገ ወዲያ የሰብለን። ሴት ያረሰችው መሬት ጤፍ አያበቅልም ያሉ ነበሩ። ጤፉ ማን እንዳረሰው አልጠየቀም፤ በቀለ።

እኔን ያቃጠለኝ ማረሱ አልነበረም። ማረስ ይለመዳል። እጅ ይላጣል፣ ይቆስላል፣ ከዚያ ይደድራል። ያቃጠለኝ በሬ ከተፈታ በኋላ ያለው ነገር ነው።

ደሳለኝ ሲያርስ በቀትር በሬዎቹን ይፈታል። እነሱ ሣር ይግጣሉ፣ እሱ መንገዱ ዳር ባለው ሾላ ሥር ይጋደማል። ምሳውን እወስድለታለሁ፣ እጁን አስታጥበዋለሁ፣ በልቶ ፊቱን በጋቢው ሸፍኖ ይተኛል። እናቴ እንኳን በዚያ ስታልፍ ድምጿን ዝቅ ታደርግ ነበር። ገበሬ ነዋ! ደክሞታል።

እኛ ባረስን በመጀመሪያው ቀን እናቴ ምሳችንን ይዛ መጣች። ከምሳው ጋር ባዶ ጀሪካኖችም ይዛለች።

«ብሉና በሬዎቹ እስኪያርፉ ውኃ ቀድታችሁ ኑ» አለችን።

ምንጩ ከገደሉ ሥር ነው። መውረዱ ባልከፋ፤ መውጣቱ ነው ነፍስ የሚያወጣ። ወረድን፣ ቀዳን፣ ተሸክመን ወጣን። ስንመለስ በሬዎቹ ሣራቸውን ጠግበው እያመሰኩ ተኝተዋል። እኛ ሳንቀመጥ ጠመድናቸው። ማታ ደግሞ ሊጥ ማቡካትና ወጥ መሥራት ይጠብቀናል። ያን ቀን በሬውን አይቼ ቀናሁበት። በሕይወቴ በበሬ ቀንቼ አላውቅም ነበር።

እንዲህ እያልን ስንሰነብት አንድ ከሰዓት በኋላ እናንዬ እርፉን እንደጨበጠች አንቀላፋች። ማረሻው ከመሬት ወጥቶ የበሬውን ቋንጃ ሊበጥሰው ለጥቂት ሳተው። ስጮኽ ነቃች። በሬ በዚህ ጊዜ ቢጎዳ የእነ እናንዬ ቤት አለቀለት ማለት ነው። ትልሙ ላይ ቁጭ ብላ አለቀሰች። ሰብለ አጠገቧ ተቀመጠችና፣

«በሬ ሲፈታ እኛም እንፈታ» አለች።

ከማግስቱ ጀምሮ ምሳችንን በልተን ጀሪካኑን አልነካንም። እናቴ ተቆጣች፣ የእናንዬ እናት ተራገሙ፣ የሰብለ አያት አኮረፉን። የሦስታችንም ማሳ ከሾላው አይርቅምና እኛ እዚያው ሥር ተቀመጥን። ውኃው ማታ ይቀዳል አልን። ማታም እኛው ነበርን የምንቀዳው፤ ግን የቀትሩ ሰዓት የእኛ ሆነ።

ስለዚያ ሰዓት ብዙ ማለት እችላለሁ። መሬት ቆፍረን በጠጠር ገበጣ እንጫወታለን፤ እናንዬ ስትሸነፍ ጠጠሩን ትበትናለች። ጠጉር እንሠራራለን። መብራት ከጠፋ ስለቆየ ቴሌቪዥን የሚባል ነገር ረስተናል፤ ሰብለ ግን ባሕር ዳር ሆና ያየችውን የቱርክ ድራማ በየቀኑ አንድ አንድ ክፍል ትተርክልናለች። መጨረሻውን ሳታይ ነው የመጣችው። ያላየችው ቦታ ላይ ስትደርስ ከራሷ እየፈጠረች ቀጠለች፤ ሀብታሙ ሰውዬ በድንገት የእኛን ሰፈር ሰዎች ጠባይ ይዞ ሲመጣ ነው የነቃንባት። ከዚያ ሁሉ በኋላ ነጠላችንን እንከናነብና እንተኛለን። እንዴት ያለ እንቅልፍ! አልጋ ላይ እንደዚያ ተኝቼ አላውቅም።

መንገደኛ እያየን ይሄዳል። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ ይሳደባል። «እነዚህ አሳዳጊ የበደላቸው!» ያለን ሰው አለ። ሰብለ ቀና ብላ፣ «መሬቱን እርስዎ ይረሱልንና ተነሥተን እንቀመጥ» ብላ መለሰችለት። ሰውየው መንገዱን ቀጠለ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ።

ያን ቀን ጠዋት በብቸና በኩል ተኩስ ሲሰማ አርፍዷል። ሩቅ ስለነበር ሥራችንን አላቆምንም። ሰው ሆኖ ተኩስ ይለመዳል ወይ ትሉኝ ይሆናል፤ ይለመዳል፣ ክፋቱም እሱ ነው። በቀትር በሬዎቹን ፈታን። ቀንበሩን ትልሙ ውስጥ እንዳለ ተውነው። ምሳ በላን፣ ድራማችንን ሰማን። ፀሐዩ አናት የሚበሳ ስለነበርና የሾላው ጥላ ስለጠበበ ተሰልፈን ተጋደምን። ዝንብ እንዳያስቸግረን ነጠላችንን ከራስ እስከ እግር ተከናነብን።

በዚያ ሰዓት ጋሽ ሰይድ በመንገዱ መጡ። ጋሽ ሰይድ የሞጣ ነጋዴ ናቸው፤ ጨርቃ ጨርቅ ይሸጣሉ። ያን ጊዜ አናውቃቸውም። መኪና ስለቆመ ዕቃቸውን በአህያ ጭነው በእግራቸው ወደ አገራቸው እየተመለሱ ነበር። ጠዋት ያን ተኩስ በቅርብ ሰምተዋል፤ ልባቸው ገና አልተመለሰም። ድንገት ቀና ሲሉ የተጣለ ቀንበር፣ ባለቤት የሌላቸው በሬዎች፣ ጥላው ሥር ደግሞ በነጠላ የተሸፈኑ ሦስት ሴቶች።

ጠጋ ብለው ለማየት አልደፈሩም። አህያቸውን ከነጭነቷ ጥለው ወደ መንደሩ ሮጡ።

«የሰው ያለህ! ሴቶች ልጆች አለቁ! ሾላው ሥር አጋድመዋቸዋል!»

ሾላው አጠገብ የሚያርሰው ማን እንደሆነ መንደሩ ሁሉ ያውቃል። እሪታው ቀለጠ። እኛ ያንን አልሰማንም። ከማለዳ ጀምሮ ስናርስ የዋልን ሰዎች ነን፤ መድፍም ቢተኮስ የምንነቃ አይመስለኝም።

እኔን ያነቃኝ የእናቴ ድምፅ ነው። መጀመሪያ ሕልም መሰለኝ። ደረቷን ትደቃለች፤ ድም ድም ሲል እሰማዋለሁ። ስሜን እየጠራች የምትለውን አንድ በአንድ ሰማሁት።

«ወየው ይታይሽ! ወየው ገበሬዬ! እኔን ያስቀድመኝ! ሳታርፊ የሄድሽ ልጄ! እመብርሃን፣ ልጄን አንሽልኝ! አንሽልኝና ሁለተኛ ውኃ አላስቀዳትም፣ እኔ እቀዳለሁ፣ ስለቴ ነው! ተነሽልኝ ልጄ፣ ተነሽ!»

እናቴ በሕይወቴ ገበሬዬ ብላኝ አታውቅም። ነጠላውን ከፊቴ ገለጥኩና ተነሥቼ ቁጭ አልኩ።

«ምን ሆናችሁ?» አልኩ።

የሆነውን እንዴት ልንገራችሁ? ፊት ለፊት የነበረው ሰው እንደ መንጋ ወደ ኋላ ሸሸ። አንዲት አሮጊት «በስመ አብ!» ብለው አማትበው ተቀመጡ። የቤተ ክርስቲያናችን ቄሰ ገበዝ መስቀላቸውን እንደያዙ ደርቀው ቀሩ። ሰብለና እናንዬም ተነሡ፤ እናንዬ ያንን ሁሉ ሰው ስታይ የሞተ ሰው አለ ብላ እሷም አብራ ማልቀስ ጀመረች። ጋሽ ሰይድ መሬት ላይ ቁጭ ብለው ራሳቸውን ያዙ።

እናቴ መጀመሪያ አቀፈችኝ። ፊቴን፣ አንገቴን፣ እጄን ዳበሰች። ከዚያ በጥፊ አለችኝ። ከዚያ እንደገና አቀፈችኝ። ደወል እንዲያስደውል የተላከው ሰው በዚያች ሰዓት ቤተ ክርስቲያን ደርሶ ኖሮ፣ ለእኛ የተደወለውን ደወል ቆመን ሰማነው። አባቴ ከሁሉ ኋላ በምርኩዙ እያነከሰ ደረሰ። እኔን ቆሜ ሲያየኝ ምርኩዙን ጣለውና ወገቤን ይዞ ቆመ።

ድንጋጤው ሲበርድ ቁጣው መጣ። ከአፍታ በፊት ደረት ሲደቃልን የነበረ ሰው ሁሉ ይሰድበን ጀመር። አገር በእግሩ አቆማችሁ፣ እናቶቻችሁን ልትገድሉ፣ ባለጌዎች። የእናንዬ እናት ደግሞ ሬሳውን ላልቀበሩት ወንድ ልጃቸው እንደ አዲስ አለቀሱ። ለእሳቸው አዘንኩ፤ እስካሁንም አዝናለሁ። ስለመተኛቴ ግን ያን ጊዜም አላፈርኩም፣ ዛሬም አላፍርም።

ቄሰ ገበዙ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጉዳዩ በሽማግሌ ፊት ይታያል አሉ። ሦስታችን ተማከርን። የቀትሩን ዕረፍት ከከለከሉን ቀንበሩን አንነካም አልን። ማንም ሳይገፋን የጀመርነው ሥራ ነው፤ ማንም ሳይገፋን እንተወዋለን።

እሑድ ሰው ሞልቶ ነበር። ጋሽ ሰይድም ነበሩ፤ መንገዱ እስኪረጋጋ እኛ ቤት በእንግድነት ተቀምጠዋል። አህያቸው በማግስቱ ከነጭነቷ የእኛን ጥጃ ሣር ስትግጥ ተገኝታለች።

ቄሰ ገበዙ ክፉ ሰው አይደሉም። በለሰለሰ ድምፅ ነው የጀመሩት።

«ልጆቼ፣ በማረሳችሁ አልነቀፍናችሁም። ቀኑ ከፋ፣ እናንተ በረታችሁ። ነገር ግን ሴት ልጅ በመንገድ ዳር በአደባባይ አትጋደምም። ያመጣችሁትን መዓት አይታችኋል። ከእንግዲህ በሬ ስትፈቱ ቀጥ ብላችሁ ወደ ቤት፣ ወደ ሥራችሁ።»

ተነሣሁ።

«አባታችን፣ ደሳለኝ ሲያርስ በሬ ፈትቶ የት ነበር የሚተኛ?»

«እዚያው ነዋ። እሱ ወንድ ነው ልጄ።»

«እርፉ ግን ወንድ ሴት አይልም። እጄን ይዩት» አልኩና ሁለቱንም መዳፌን ዘረጋሁላቸው።

ሰው አጉረመረመ። ሰብለ ተነሥታ ወደ ጋሽ ሰይድ ዞረች።

«ጋሽ ሰይድ፣ እርስዎ እንግዳ ነዎት፣ አያዳሉም። የተኛነው ወንዶች ብንሆን ኖሮ ምን ይሉ ነበር?»

ጋሽ ሰይድ ኮፍያቸውን አውልቀው ራሳቸውን አከኩ።

«እውነቱን ልናገር?» አሉ። «አላህ ያበርታችሁ ብዬ አልፍ ነበር።»

«ሞተዋል አይሉም?»

«ለምን ብዬ? ገበሬ ደክሞት ተኝቷል እላለሁ እንጂ። ሴት ግን በቀትር ሜዳ ላይ ተኝታ በዚህ ዕድሜዬ አይቼ አላውቅም። ስለዚህ በቃ፣ ሞተዋል አልኩ።»

መጀመሪያ ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያ ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ። መጀመሪያ የጠፋው ሴቶቹ ከተቀመጡበት በኩል ነው። ጋሽ ሰይድ የተናገሩት ነገር ምን እንዳደረገ ራሳቸውም አላወቁም፤ ኮፍያቸውን መልሰው አደረጉ።

ቄሰ ገበዙ ግን፣ «ያም ሆኖ...» ብለው ሊቀጥሉ ሲሉ እናቴ ከሴቶቹ መካከል ተነሣች። እናቴ በሽማግሌ ፊት ቆማ ስትናገር አይቼ አላውቅም። ነጠላዋን አደግድጋለች።

«አባታችን፣ እኔ ስለት አለብኝ» አለች።

«የምን ስለት?»

«ልጄን አንሽልኝ፣ ሁለተኛ ውኃ አላስቀዳትም ብዬ ለእመብርሃን ተስያለሁ። ይህ ሁሉ ሰው ሰምቷል። እርስዎም ከጎኔ ነበሩ።»

«ኧረ አንቺ ሴት፣ ልጅሽ ተኝታ እንጂ ሞታ አልነበረም እኮ!»

«እኔ ስሳል ሞታ ነበር። ተሳልኩ፣ ተነሣች። ከእንግዲህ በሬ ስትፈታ ታርፋለች። ስለቱን አፍርሽ ካሉኝ አፈርሳለሁ፤ ኃጢአቱን ግን እርስዎ ይሸከሙልኝ።»

ቄሰ ገበዙ መስቀላቸውን በእጃቸው ገለባበጡት። በመጨረሻ ብድግ አሉና፣

«እንግዲህ ስለት ስለት ነው» ብለው ጸሎት አድርሰው በተኑን።

ማክሰኞ የእኛ ቤት ተራ ነበር። በቀትር በሬ ፈትተን ሾላው ሥር ተጋደምን። ትንሽ ቆይቶ እናቴ ጀሪካን በጀርባዋ አዝላ ከገደሉ ስትወጣ አየኋት። ጎንበስ ብላለች፤ ላቧ ይንጠባጠባል። አላስቻለኝም፣ ልነሣ ተንቀሳቀስኩ።

«ተኝ!» ብላ ጮኸችብኝ። «ስለቴን ልታፈርሽብኝ ነው?»

ተኛሁ። እንቅልፍ ግን አልወሰደኝም። ዕረፍቴን ከእናቴ ጀርባ ላይ እንደወሰድኩት ገባኝ፤ እንዲህ ያለ ድል ደግሞ አልፈልግም። ማታ ይህንኑ አባቴ ፊት ተናገርኩ። ለማንም አላልኩም፤ ዝም ብዬ ተናገርኩ። አባቴ ጉልበቱን እያሸ ሰማኝ።

በማግስቱ አባቴ የጋሽ ሰይድን አህያ ተውሶ ጫነ። ጀሪካኖቹን በሁለት ጎኗ አሥሮ በምርኩዙ እየተደገፈ ወደ ምንጩ ወረደ። በእኛ ሰፈር ወንድ ልጅ ምንጭ ወርዶ ከሴቶች ጋር ተሰልፎ አያውቅም። ሴቶቹ ሲያዩት ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። አንዷ፣ «ምነው፣ ቤት ሰው ጠፋ?» ብላ ስትነካካው አባቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ፣ «ሰውማ አለ፤ ገበሬው ደክሞት ተኝቷል» አላት። ይህን የነገሩን እዚያው የነበሩት የእናንዬ እናት ናቸው። ሲነግሩን ልጃቸው ከሞተ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቁ።

ይኸው ዓመት ሆነው። አሁንም እናርሳለን። ትምህርት ቤቱ ይከፈታል ይባላል፣ ይዘጋል ይባላል፤ ሲከፈት አሥራ ሁለተኛ ክፍልን እጨርሳለሁ፣ አልተውኩትም። በመንገዱ የሚያልፈው ሰው አሁን ይጣራል። «በርቱ ልጆች!» ይለናል፤ እንቅልፋችንን ያበላሽብናል እንጂ አንጠላውም።

አንዳንድ ሰዎች ደግሞ ወንዶቹ ሲመለሱ ይህ ሁሉ ነገር ይቀራል ይሉናል። እንዲመለሱ ከእኛ በላይ የሚጸልይ የለም። ደሳለኝ በዚህ መንገድ ሲመጣ ባየው እግሩ ሥር ተደፍቼ አለቅሳለሁ። ምሳውንም አቀርብለታለሁ፣ እጁንም አስታጥበዋለሁ፤ ወንድሜ ነው። አብረን አርሰን በሬ ስንፈታ ደግሞ ጥላው ሥር ጠጋ ብዬ ቦታ እለቅለታለሁ።

አልነሣለትም ግን።